የተማሪዎቼ ቀልብ ቶሎ ይበተናል፤ ትምህርቱን ቆራርሼ ላቅርብ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ጠያቂ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስና የማኔጅመንት ተማሪዎች የስታቲስቲክስ መግቢያ ማስተማር ከጀመርኩ 11ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት የትምህርቱ ይዘት ብዙም አልተለወጠም፤ የተማሪው ቀልብ ግን እጅግ ተለውጧል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በአየሁት ላስረዳ። ክፍለ ጊዜዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ወደ 90 የሚጠጉ ተማሪዎች ከምሳ መልስ ይገቡና ያለ ዕረፍት ሁለት ሰዓት ያህል አብረን እንቆያለን። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ዓይን ለዓይን እየተያየን እንዘልቃለን፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር የሚቀሩት የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የስታንዳርድ ዲቪየሽንን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን ልኬት) ስሌት ደረጃ በደረጃ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ ስጨርስ፣ በደብተሩ የገለበጠ ተማሪ ከአሥር አይበልጥም ነበር፤ የቀሩት ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፎቶ አነሡና ወዲያው አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሃንድአውቱን እንደ መጋረጃ አቁሞ፣ በስተጀርባው አውራ ጣቱ ያለማቋረጥ ቪዲዮ ሲያሳልፍ አየሁት። ስጠጋው ደነገጠ፤ ከልቡ ይቅርታም ጠየቀኝ። ይሁን እንጂ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እጁ፣ እሱ ራሱ ሳያስተውለው፣ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ መመለስ ነው፤ የንቀት ጉዳይ አለመሆኑ በግልጽ ይታይ ነበርና።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የዛሬ ተማሪ ከአሥር ደቂቃ በላይ አያዳምጥም፤ ስለዚህ ትምህርቱን በአሥር በአሥር ደቂቃ ከፋፍለህ፣ በመሐል አጫጭር ቪዲዮ እያስገባህ አቅርብ» ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ማድረግ ተማሪውን ይበልጥ ማበላሸት ነው ይላሉ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ስላለበት፣ ይዘት ቀንሼ ጊዜ ላትርፍ ብል ተማሪዎቼን እጎዳቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ። በእንዲህ ዓይነት ሰፊ ክፍል፣ ከሰሌዳና ከጠመኔ ሌላ አስተማማኝ መሣሪያ በሌለበት፣ የሠራላችሁ መንገድ ካለ ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ 1፦ የትምህርት ሥነ ልቦና መምህርት

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጥያቄዎ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ለመመለስ እሞክራለሁ።

አስቀድሞ በየሥልጠናው የሚጠቀሱትን ቁጥሮች እንፈትሽ። «የሰው ልጅ ትኩረት ከወርቃማ ዓሣ አንሶ 8 ሰከንድ ደርሷል» የሚለውን ሳይሰሙ አይቀሩም። ይህ አባባል በሰፊው የተሰራጨው የማይክሮሶፍት የካናዳ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው የማስታወቂያ ሰዎች ሪፖርት ነው፤ ምንጩን ወደኋላ ተከትለው የሄዱ ጋዜጠኞች ግን ከሥሩ የሚታመን ጥናት አላገኙም። «ተማሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ያዳምጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዊልሰንና ኮርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ አባባሉ የቆመበት መሠረት እጅግ ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ «አሥር ደቂቃ» የተባለውን ልክ እንደ ሕግ ወስደው ትምህርትዎን በሰዓት መቁጠሪያ እንዲቆራርሱት አልመክርም።

ይህን ስል ግን ያዩት ለውጥ የለም ማለቴ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሚመራመሩት ግሎሪያ ማርክ፣ ሰዎች በኮምፒውተር ሲሠሩ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ለመዝለል የሚወስድባቸውን ጊዜ ለዓመታት ለክተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል የነበረው በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ልብ ይበሉ፣ የተለካው ሰዎች በስክሪን ፊት ያላቸው ልማድ ነው እንጂ የአእምሯቸው አቅም አይደለም። ያ የኋላ ረድፍ ተማሪዎ ቅዳሜ የኳስ ጨዋታ ሲያይ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን አይነቅልም። አቅሙ አለው፤ ተማሪው እጁ ስልክ በለመደ ቁጥር ግን ክፍል ውስጥ ቀልቡን የሚይዝለት ሥራ ካላገኘ ወደለመደው ይሄዳል።

እኔን በተግባር የረዳኝ በዳያን በንስና በባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሐሳባቸው በሸሸ ቁጥር እጃቸው ላይ ያለውን መሣሪያ እንዲጫኑ ተደረገ። ውጤቱ እንዳሳየው፣ የተማሪ ቀልብ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ የሚጠፋ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለአጭር ለአጭር ጊዜ እየሄደ የሚመለስ ነው። መምህሩ ጥያቄ አቅርቦ ተማሪዎቹ ሲመልሱ ወይም ሠርቶ ማሳያ ሲያዩ መሸሹ ይቀንሳል፤ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ተራ ገለጻ ላይም ቀልባቸው ከወትሮው የተሰበሰበ ይሆናል። እንግዲህ ከቪዲዮው ይልቅ የሚያስፈልገው ተማሪው ራሱ አስቦ የሚመልሰው ነገር ነው።

ለዚህ የሚሆን፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ፕሮጀክተር የማይጠይቅ መንገድ አለ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሠራበት ነው። መምህሩ በስሌት ሳይሆን በመረዳት የሚመለስ አንድ የምርጫ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው ማንንም ሳያማክር ይመርጣል፤ ከዚያ የተለየ መልስ ከመረጠ ጎረቤቱ ጋር ይከራከርና እንደገና ይመርጣል። መምህሩ የሚያብራራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለእርስዎ ትምህርት ለምሳሌ ያህል እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «በአንድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገቢያቸው ተቀራራቢ የሆነ 11 ተሳፋሪዎች አሉ፤ 12ኛ ሆኖ አንድ ከፍተኛ ከበርቴ ቢገባ፣ የተሳፋሪዎቹ አማካይ ገቢና ሚዲያን (ገቢያቸው በቅደም ተከተል ሲደረደር መሐል ላይ የሚውለው) ምን ይሆናሉ?» ሁለቱም በብዙ ይጨምራሉ፣ አማካዩ ብቻ በብዙ ይጨምራል፣ ሚዲያኑ ብቻ በብዙ ይጨምራል፣ ሁለቱም አይለወጡም የሚሉ አራት ምርጫዎች ይስጡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ቁራጭ ወረቀቶች ይበቃሉ፤ በአንድ ጊዜ ሲያነሡ 90 ተማሪ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው በአንድ እይታ ያውቃሉ።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳይንስ፣ በሒሳብና በምሕንድስና ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አጠቃለው እንደመዘኑት፣ ገለጻ ብቻ በሚሰጥባቸው ክፍሎች የወደቁ ተማሪዎች 33.8 ከመቶ ሲሆኑ፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው ክፍሎች ግን 21.8 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ለመውጫ ፈተናውም ቢሆን በዚህ መንገድ የሚያጠፉት ጊዜ ባክኖ አይቀርም። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስታውስዎ፦ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ላይወዱት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የተደረገ ጥናት፣ ተማሪዎች ጥሩ ገለጻ ሲሰሙ ብዙ የተማሩ እንደሚመስላቸው፣ ፈተናው ላይ ግን የበለጠ የተማሩት ራሳቸው ታግለው በሠሩበት ክፍል እንደሆነ አሳይቷል። ይህን ራሱን ለተማሪዎችዎ በግልጽ ቢነግሯቸው ይታገሡዎታል።

መልስ 2፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

መምህር፣ በቅድሚያ ችግሩን በእኛ ላይ ብቻ ሳይጭኑ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። እንደ ተማሪ አንድ ነገር እንድጨምር ይፍቀዱልኝ።

እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከወሰደው ባች ነኝ፤ በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እኔም በሪሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) አልፌ ነው የገባሁት። ስለ ራሴ እውነቱን ለመናገር፣ ክፍል ውስጥ ስልኬን የማወጣው ሲሰለቸኝ ሳይሆን ሲጠፋኝ ነው። በፖሊሲ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማርን ይባላል፤ በተግባር ግን መምህራኖቻችን በአማርኛ አስረድተውን ማስታወሻውን ብቻ በእንግሊዝኛ ይሰጡን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ መምህሩ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ሲያስረዱ፣ የአንዷ ቃል ትርጉም እስኪመጣልኝ ድረስ ሦስት ዐረፍተ ነገር ያመልጠኛል። ያመለጠኝን ደግሞ ማስመለስ አይቻልም። ያኔ ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቼ «ዶርም ሄጄ አየዋለሁ» እላለሁ፤ ዶርም ውስጥ ግን በስልኬ ከ600 በላይ እንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ተከማችተዋል፣ ከእነዚህ ውስጥ መለስ ብዬ ያየኋቸው እጅግ ጥቂት ናቸው።

ሌላው ሃንድአውቱ ነው። መምህሩ ስላይዱን ቃል በቃል አንብበው ሲጨርሱ ያው ፋይል ማታ በቴሌግራም ግሩፑ የሚለቀቅ ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ በንቃት የማዳምጥበትን ምክንያት አጣለሁ። ፈተናውም ከዚያው ፋይል ይወጣልና። አንዲት መምህርታችን ግን በየሩብ ሰዓቱ ቆም ብለው «አሁን ያልኩትን ለጎረቤታችሁ በፈለጋችሁት ቋንቋ አስረዱ» ይሉን ነበር። በዚያች ሁለት ደቂቃ ከገለጻው ያልገባኝ ሁሉ ከጓደኛዬ ይገባኝ ነበር፤ ስልኬ ትዝም አይለኝም። መምህር፣ እባክዎ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ተማሪው በሚችለው ቋንቋ እንዲያስብ ጊዜ ይስጡት።

መልስ 3፦ የሲቪል ምሕንድስና መምህር

አጭር አስተያየት አለኝ። እኔ ራሴ ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ሥዕሉ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ ነበር፤ ነገር ግን «ተረድታችኋል?» ብሎ ጠይቆ መልሳችንን ሳይጠብቅ ያልፍ ነበር፤ የክፍሉ መምህር የሚያገኙት ጊዜ ከመግቢያውና ከመዝጊያው ጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ስለዚህ በመሐል ቪዲዮ ማስገባት መፍትሔ ነው ሲባል ያ ትዝ ይለኛልና አልቀበለውም።

ስለ ስልክ ግን ከመጀመሪያዋ መላሽ ከእኅታችን በጥቂቱ እለያለሁ። በካናዳ የተደረገ አንድ ጥናት በላፕቶፕ ሌላ ነገር የሚያይ ተማሪ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተቀመጠውንም ውጤት እንደሚጎዳ አሳይቷል። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር በሴሚስተሩ መጀመሪያ ተስማምተን፣ ስልክ በቦርሳ ውስጥ ይቆያል፤ ሰሌዳውን ፎቶ ማንሣት የሚፈቀደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ነው፤ እስከዚያ በእጅ ይጻፋል። ስምምነቱን እነሱው ስላረቀቁት የሚያስከብሩትም እነሱው ናቸው።

መልስ 4፦ ጡረታ የወጣ መምህር

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በጥሞና አነበብኩ። የመጀመሪያዋ መላሽ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ። ጥያቄና ውይይት ተማሪውን ክፍል ውስጥ ያነቃዋል። ነገር ግን ነገ ተመርቆ ሲወጣ የኦዲት ሪፖርት ወይም የውል ሰነድ ለሁለት ሰዓት ብቻውን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይጠበቅበታል፤ በየአሥር ደቂቃው የሚቀሰቅሰው መምህር በዚያ የለም። ረዥም ቀልብ ራሱ መማር ያለበት ነገር ነው፤ የሚያስተምረውም ሰው ያስፈልገዋል።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ጀማሪን በመጀመሪያ ቀን መወድስ የተባለውን ረዥም ቅኔ ቁጠር (ድረስ) የሚለው መምህር የለም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው። ያንን ሲችል ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ እንዲህ እያለ ዋዜማን በአምስት፣ ሥላሴን በስድስት ቤት አልፎ፣ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪቆጥር ይደርሳል። ቀን ቀን ከሰው ተለይተን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤቱ ጥግ ተቀምጠን እንቆጥር ነበር፤ ማታ ለየኔታ እንነግራለን፤ ካልቀና ያርሙናል። ሁለት ቤት ለመቁጠር ግማሽ ቀን ሐሳብን ሳይበትኑ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር፤ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት የማይቆይ ልጅ በዓመቱ ከጥዋት እስከ ቀትር ይቀመጣል። ማንም «የዚህ ልጅ ቀልብ አጭር ነው» ብሎ መወድስን አሳጥሮ አልሰጠውም፤ ከአጭሩ አስጀምሮ እየጨመረለት ሄደ እንጂ።

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይህንኑ ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ገጽ አባዝቼ አመጣና ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ አምስት ደቂቃ በዝምታ እናነባለን፤ ካነበብን በኋላ ወረቀቱን ገልብጠን ያስታወስነውን በራሳችን ቃል እንጽፋለን። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመርን በሴሚስተሩ ማብቂያ 25 ደቂቃ እንደርስ ነበር። መጀመሪያ ላይ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ሳል ይበዛል፤ ከወር በኋላ ግን የገጽ መገለጥ ብቻ ይሰማል። ወረቀት ገልብጦ መጻፉን ቸል እንዳትሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ በአሜሪካ ባደረጉት ሙከራ፣ ያነበቡትን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ግን 56 ከመቶ አስታውሰዋል።

ጠያቂው ሲመለስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ካነበብኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ያደረግሁትንም መናገር ይገባኛል።

ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ 90 ስብስብ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቆርጬ በፖስታ አደልኩ። የሚኒባሱን ጥያቄ እንዳለ ወስጄ በሁለተኛው ሳምንት አቀረብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሡ ከግማሽ የሚበልጡት «ሁለቱም በብዙ ይጨምራሉ» አሉ፤ እኔ ደግሞ ሚዲያንን ከሁለት ሳምንት በፊት አስተምሬ፣ «ገብቷችኋል?» ብዬ፣ «አዎ» ተብዬ አልፌው ነበር። ያን ጊዜ አዝኜ ዝም አልኩ። ከዚያ በፈለጉት ቋንቋ እንዲከራከሩ አራት ደቂቃ ስሰጣቸው ክፍሉ እንደ ገበያ ተናወጠ፤ በሁለተኛው ምርጫ አብዛኛው ክፍል ትክክለኛውን አነሣ። ያ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ የሚቀመጠው ልጅ ከጎኑ ያለችውን ተማሪ ደብተሯ ላይ 12 ነጥቦች በተርታ ሥሎ፣ የመጨረሻዋን ነጥብ ወደ ገጹ ጠርዝ እየገፋ «እዩት፣ መሐል ያሉት አልተነቃነቁም» ሲላት ሰማሁ። እኔ ለሚዲያን ያን ያህል ጥሩ ማስረጃ አቅርቤ አላውቅም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንን ሥዕል በሰሌዳ ላይ እንዲሥልልን ጠየቅሁት፤ ሣለውም።

ያልተሳካውም አለ። ከዕቅዴ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወደኋላ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ትርጓሜዎችንና ቀመሮችን በገለጻ ማቅረቤን ትቼ በጸጥታ ንባቡ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ አሁን ስምንት ደቂቃ ላይ ነን። የስልኩን ስምምነት አርቅቀዋል፣ ሆኖም ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ አሁንም ይላላል፤ ከምሳ በኋላ ያለውን ድካም እንዴት እንደምሻገረው እያሰብኩ ነው። ስላይዱን ደግሞ ከክፍል በኋላ መልቀቅ ትቼ፣ ከክፍል በፊት ያለ መልስ በጥያቄ ብቻ እልክላቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ናሙና አወሳሰድ እጀምራለሁ። በቴሌግራም ግሩፕ የተሰበሰበ የሕዝብ አስተያየት ለምን መላውን ሕዝብ እንደማይወክል የሚያከራክር የምርጫ ጥያቄ ለማውጣት እየሞከርኩ ነው፤ ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ግን እውነት የሚመስሉ አልሆኑልኝም። ተማሪዎች በዚህ ላይ አዘውትረው የሚሳሳቱትን የምታውቁ ካላችሁ እስከ ሰኞ ብትጽፉልኝ እጠቀምበታለሁ።